እጃችሁን ከእጇ ሥር አስገቡ፦ ማየትና መስማት የተሳናት ሕፃን ለሚያስተምሩ

ነገ ጠዋት አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ወደ ክፍላችሁ ልትመጣ ነው እንበል። አታይም፣ አትሰማም ተብሎ ተነግሯችኋል። ምልክት አታውቅም። ሰው ሲነካት ትሸሻለች። ወንበር ላይ ሲያስቀምጧት ትጮኻለች። ኃላፊው "ለአንቺ መቼም አያቅትሽም" ብሎ ሹልክ ብሏል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጠዋትና ከሱ በኋላ ለሚመጡት ወራት ነው። ወላጅ ከሆናችሁም ብዙው ይጠቅማችኋል። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ ከፊደል ይጀምራል።

ለዚህ ስህተት አንድ ታዋቂ ታሪክም አስተዋጽኦ አለው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1887 በአሜሪካ አላባማ ግዛት አን ሱሊቫን የተባለች የ20 ዓመት መምህርት ማየትና መስማት የተሳናትን የሄለን ኬለርን እጅ ከውኃ ፓምፕ ሥር ያዘች። በሌላኛው መዳፏ ላይ "ውኃ" የሚለውን ቃል በጣት ፊደል ጻፈችላት። ልጅቷ በድንገት ገባት። ታሪኩ እውነት ነው። ግን ከመሃሉ ነው የሚነገረው። ሄለን እስከ 19 ወሯ ድረስ ታይና ትሰማ ነበር። መምህርቷ ከመምጣቷ በፊትም ከቤተሰቧ ጋር የምትግባባባቸው የራሷ ምልክቶች ነበሯት። ዳቦ ስትፈልግ ዳቦ እንደሚቆርጥና ቅቤ እንደሚቀባ ሰው ታደርጋለች። አይስክሬም ሲያምራት ደግሞ እንደበረዳት ትንቀጠቀጣለች። ማለትም ፓምፑ ጋ ስትደርስ "አንድ ነገር ሌላውን ሊወክል ይችላል" የሚለው ሐሳብ ግማሹ በውስጧ ነበር። የእናንተ ተማሪ እዚያ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ፓምፑን ለጊዜው እርሱት።

1. ምን እንደቀራት እወቁ

ማየትና መስማት የተሳናት ማለት ድፍን ጨለማና ድፍን ዝምታ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ትንሽ እይታ ወይም ትንሽ የመስማት አቅም አላቸው። አንዳንዶቹ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አላቸው። ያችን ትንሽ ነገር ማግኘት የመጀመሪያው ሥራችሁ ነው።

የሐኪም ወረቀት ካለ አንብቡት። ምክንያቱ ብዙ ይናገራል። እናት በእርግዝና ወራት ሩቤላ ይዟት ከሆነ ልጅቷ የዓይን ሞራ፣ የመስማት ችግርና የልብ ሕመም አብረው ሊኖሯት ይችላሉ። አሸር ሲንድረም ያለበት ልጅ ብዙውን ጊዜ መስማት ተስኖት ይወለድና እይታው ቀስ እያለ ይጠብባል፤ መጀመሪያ የሚቸግረው በጨለማ ማየት ነው። ማጅራት ገትር ከሆነ ደግሞ ልጅቷ ቀድሞ ታይና ትሰማ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ዓመት ሙሉ የሰማ ጆሮ የሚያስቀረው ነገር አለ።

ቻርጅ ሲንድረም ላይ (ዓይንን፣ ጆሮንና ሌላም አካል አብሮ የሚነካ፣ ከልደት የሚመጣ ችግር ነው) ትንሽ ልቆይ፤ መምህራን ልጆቹን በከንቱ የሚቆጡት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ የዓይናቸው ውስጠኛ ክፍል በጽንስ ጊዜ በደንብ ስላልገጠመ ከላይ በኩል ያለው አይታያቸውም። ስለዚህ ፊታችሁን ለማየት አንገታቸውን ወደ ኋላ ይቀለብሳሉ። የሚዛን መጠበቂያቸውም ብዙ ጊዜ ከውስጥ ጆሯቸው ጋር ተጎድቷል። ተቀምጦ መዋል ለነሱ ገመድ ላይ እንደመቆም ነው። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ተንጋላ አሻንጉሊቱን ወደ ዓይኗ ካስጠጋች ሰነፍ ሆና አይደለም። ሰውነቷን መሬት ላይ ጥላ፣ የቀራትን ኃይል በሙሉ ለማየት እያዋለችው ነው። "በሥርዓት ተቀመጪ!" ማለት በዚህ ጊዜ "አትመልከቺ" ማለት ነው።

ከወረቀቱ በኋላ ደብተር ያዙ። ለሦስት ቀን ምንም አታስተምሩ። ተመልከቱ፣ ጻፉ። ወደ መስኮቱ ዞራ ትቀራለች? የበር መዘጋት ንዝረት ያነቃታል? ከንፈሯን ምን ላይ ታደርጋለች? ምን ስትይዝ ትረጋጋለች? ሲወዘውዟት፣ ሲያሹዋት፣ ውኃ ሲነካት ምን ትሆናለች? አንድ ነገር ስትፈልግ ሰውነቷ ምን ያደርጋል? የትንፋሿ መለወጥ እንኳ ይጻፍ። በኋላ ወርቅ ይሆንላችኋል።

ጥቃቅኗንም አትናቁ። የመስሚያ መሣሪያ ካላት ባትሪውን በየጠዋቱ እዩ፤ ባትሪው ያለቀ መሣሪያ ጆሮ ውስጥ የተወተፈ ቡሽ ነው። መነጽሯን ጥረጉ። ትንሽ የምታይ ከሆነ መስኮቱ ከኋላችሁ ሳይሆን ከኋላዋ ይሁን፤ ብርሃኑ እናንተ ላይ ይረፍ። እጃችሁ ጎልቶ እንዲታይ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ልብስ ልበሱ። ዝንጉርጉር ሸሚዝ ለእሁድ ይቆይ።

2. ማን እንደመጣ ንገሯት

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ጆሯችሁን ደፍናችሁ ተቀምጣችሁ ሳለ አንድ እጅ ከየት መጣ ሳይባል ብድግ አድርጎ ሲወስዳችሁ አስቡት። የልጅቷ ቀን እንደዚያ ነው። ለሰላምታ ያነሷታል፣ ለሽንት ጨርቅ ያነሷታል፣ ለመርፌም ያነሷታል። ጩኸቷ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ቅረቧት። ክንዷን ወይም ትከሻዋን ረጋ ባለ መዳፍ ንኩና እጃችሁን እዚያው አቆዩት። በጣት ጫፍ አትነካኩ፤ ዝንብ ያረፈ ይመስላታል። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መለያችሁን አቅርቡላት። መለያ ማለት "እኔ ነኝ" የምትሉበት ነገር ነው፦ ሁሌ የምታስሩት ወፍራም አምባር፣ ሰዓት፣ ጢም፣ የተሠራ ፀጉር። እጃችሁን ከእጇ ጎን አድርጋችሁ አምባሩን እንድታገኘው ፍቀዱላት። አንድ ቀን አምባሩን ቤት ከረሳችሁት ለሷ ሌላ ሰው ነው የመጣው።

ሽቶ ይረዳል የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም። ቻርጅ ያለባቸው ብዙ ልጆች ሽታ ጨርሶ አይሸታቸውም፤ ለሌሎቹም ሽቶ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፣ ሰውየው ከሄደ በኋላም ያለ ያስመስላል።

ስትሄዱም ተናገሩ። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መለያውን አስዳስሱ፣ የመሰናበቻውን ምልክት እጇ ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ሂዱ። ሳትሰናበቱ ከተነሳችሁ ለሷ ሄዳችሁ አይደለም፤ ጠፍታችሁ ነው። ሰው በማንኛውም ሰዓት የሚጠፋበት ዓለም ውስጥ ደግሞ ማንም ተረጋግቶ አይማርም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይያዛት። አምስት ደግ ሰዎች ከሚፈራረቁባት አንዲት የማትቀየር ሞግዚት ትሻላታለች።

3. እጆቿን አትያዙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ። የዚህች ልጅ እጆች ዓይኖቿ ናቸው። ጆሮዎቿም ናቸው። ወደፊት አፏም የሚሆኑት እነሱ ናቸው። እጇን ከላይ ጨብጦ ዕቃ ላይ ማሳረፍ ማለት የሚያይ ልጅ አገጩን ይዞ "ይሄን እይ!" እያሉ ፊቱን ማዞር ነው። ሁለት ቀን ይታገሳል። በሦስተኛው እጁን ይሰበስባል። እጆቿን ብብቷ ሥር የምትደብቅ ልጅ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት አንድ ትጉህ መምህር ነበራት።

ሌላ ደግሞ ከዚህ የባሰ ውጤት አለ። አንዳንዷ አትሸሽም። እጇን ዝም ብላ ትሰጣለች። እናንተ ካላንቀሳቀሳችሁት አይንቀሳቀስም። ከውጭ ሲያዩአት ጨዋ ተማሪ ትመስላለች። በእኔ ግምት ይህችኛዋን መመለስ ከምትጮኸው ይከብዳል።

የሚሠራው ዘዴ ይሄ ነው። ከጎኗ ወይም ከኋላዋ ተቀመጡ፤ እጆቻችሁ ከሷ እጆች ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ። ትንሽ ከሆነች ጭናችሁ ላይ ትሁን። አዲስ ዕቃ ሲኖር መጀመሪያ እናንተ ያዙት። እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ በጎን በኩል ከመዳፏ ሥር አንሸራትቱ። አሁን የናንተ እጅ ከታች ነው፣ የሷ ከላይ ተሳፍሯል። ዕቃውን ዳስሱ፣ አገላብጡ፣ አንኳኩ። እጃችሁ ምን እንደሚሠራ እየተከታተለች ነው። ከዚያ አንዷን ጣቷን ዕቃው እንዲነካት እጃችሁን በጥቂቱ ሰብሰብ አድርጉ። ካልፈለገች እጇን ታነሳለች። ማንሳት መቻሏ ነው ዋናው ቁም ነገር፤ ላለማየት መብት ያለው ሰው ነው ለማየት የሚደፍረው።

መጀመሪያ አካባቢ ክርናችሁንና የእጅ አንጓችሁን ልትይዝ ትችላለች። ይበቃል። ከእጅ ራቅ ብሎ የሚመለከት ዓይን ነው። ሲለምድ ወደ ታች ይወርዳል።

አሁን ደግሞ እጅ ምን እንዲመለከት እናድርግ? ሌላ ልጅ ሳይነገረው ብዙ ነገር ይማራል። እናቱ ስትቀዳ ያያል፣ በር ሲከፈት ይሰማል፣ ወተት ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ለዚህች ልጅ ወተት ከምንም ተነስቶ ከንፈሯ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ልብስ በራሷ ላይ ይወርዳል። ሳህን ይመጣል፣ ይጠፋል። ስለዚህ የተዘጋጀ ነገር አታቅርቡላት። ይዛችኋት ሂዱ። የመደርደሪያውን በር አብራችሁ ክፈቱ። ኩባያውን አብራችሁ አውርዱ፤ ባዶ መሆኑን ትዳስስ። ወተቱ ሲቀዳ ኩባያው እንዴት እንደሚከብድና እንደሚሞቅ እጇ ይወቅ። ጠጥታ ስትጨርስ አብራችሁ እጠቡት፣ መልሱት። አምስት ደቂቃ ይወስድ የነበረው አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጅ። የዕለቱ ትምህርት እሱ ነው።

እዚህ ላይ የሶቪየቱን ተመራማሪ የአሌክሳንደር ሜሽቸርያኮቭን ልምድ ማንሳት ያስፈልጋል። በሞስኮ አቅራቢያ በዛጎርስክ እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው የእንደዚህ ዓይነት ልጆች ትምህርት ቤት ሥራው የሚጀመረው ከማንኪያ ነበር። ከዚያ ቤት የወጡ አራት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመርቀዋል። የሱ ምክር አጭር ናት፦ ማንኪያውን አብራችሁ ስታነሱ የልጁ እጅ ትንሽ እንኳ በራሱ ኃይል ከተንቀሳቀሰ፣ ወዲያው የራሳችሁን ኃይል ቀንሱ። እሱ ሲጀምር የልጁን እጅ ራሱን እየያዘ ነው፤ እኔ ከሥር መግባቱን እመርጣለሁ። የመልቀቂያዋን ቅጽበት ማወቅ ግን ከሱ የሚቀዳ ነው። ዘግይታችሁ ከለቀቃችሁ ልጁ "ይሄ የሰው ሥራ ነው" ብሎ ይተወዋል። ቀድማችሁ ከለቀቃችሁ ማንኪያው ይወድቃል። ማንኪያ መውደቁ ይሻላል።

4. ከሰውነቷ ጋር ተነጋገሩ

ምልክት ሳታውቅ እንዴት ይወራል? በእንቅስቃሴ። ይህን መንገድ በደንብ ያሳየው ሆላንዳዊው ያን ቫን ዳይክ ነው። በ1960ዎቹ በሩቤላ ምክንያት ማየትና መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር ሲሠራ፣ ልጁን ወደ ራሱ ከመጎተት ይልቅ እሱ ልጁ ወዳለበት ገባ።

ልጅቷ ወለል ላይ ተቀምጣ ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዛለች እንበል። "አቁሚ" አትበሏት። ከኋላዋ ተቀመጡ፣ ደረታችሁን ከጀርባዋ አስጠጉ፣ በሷ ፍጥነት አብራችሁ ተወዛወዙ። ስትለምዳችሁ በድንገት ቁሙ። ጠብቁ።

እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። መጠበቅ አንችልም። በውስጣችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፤ ምንም ካልመጣ እንደገና እስከ 10። ለአንዳንዷ ልጅ መልስ ለመስጠት ግማሽ ደቂቃም ያንስባታል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ሥራ የፈታችሁ ይመስለዋል፤ ይምሰለው። ድንገት ጀርባዋ ወደ እናንተ ገፋ ይላል። ወይም አንድ ጣቷ ጉልበታችሁን ይነካል። ወዲያው መወዛወዙን ቀጥሉ! እሷ አሁን "ድገሙት" አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ነው፤ ያውም በራሷ ያወጣችው።

ይህን በቀን ብዙ ጊዜ፣ በተለያየ ነገር አድርጉ። ጠረጴዛ ስትመታ እናንተም ምቱ፤ ንዝረቱ በእንጨቱ በኩል ይደርሳታል። ሁለቴ ስትመታ ሁለቴ መልሱ። ስታቆም አቁሙ። አንድ ቀን አቁማ ትጠብቃችኋለች። ያን ቀን ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፉ።

5. ቀኗን በዕቃ ደርድሩላት

አሁን ነገሮች ከመምጣታቸው በፊት እንድታውቃቸው እናድርግ። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያለው መደርደሪያ፣ ከጎኑ አንድ ቅርጫት ይበቃል። በየክፍሉ አንድ ዕቃ ይቀመጣል። ዕቃው የሚመጣውን ነገር ይናገራል፤ ማንኪያ ምግብ ነው፣ ፎጣ መታጠብ ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ማንኪያውን አብራችሁ ታገኙታላችሁ። ይዛችሁት ወደ ምግቡ ትሄዳላችሁ። በዚያው ማንኪያ ትበላለች። ስትጨርስ አጥባችሁ መልሳችሁ ቅርጫቱ ውስጥ ትጥሉታላችሁ። ቅርጫቱ "አለቀ" ማለት ነው። ከዚያ እጃችሁ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሄዳል። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ።

የዕቃ ምርጫ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለመኪና ጉዞ ትንሽ የፕላስቲክ መኪና ይሰጧታል። ለምናይ ሰዎች መኪና ይመስላል። ለሷ ግን ሹል ጠርዝ ያለው ኮረት ነው። መኪና ለሷ ምንድን ነው? ደረቷ ላይ የሚያልፈው ቀበቶ። እንግዲያው አንድ ቁራጭ የቀበቶ ጨርቅ ስጧት። ለዥዋዥዌ ትንሽ ፕላስቲክ ዥዋዥዌ ሳይሆን የምትይዘው ገመድ ወይም ሰንሰለት። "እጇ እዚያ ቦታ የሚያገኘው ምንድን ነው?" ብላችሁ ብቻ ጠይቁ።

ሌሎች ስህተቶችም አሉ። ማንኪያውን አሳይቶ ምግብ ማዘግየት፤ ያሳያችሁት ነገር ወዲያው ይምጣ። ዕቃውን ማስፈራሪያ ማድረግ። ጥሩ ጥሩውን ብቻ መደርደር፤ መርፌም ካለ የሚያሳውቃት ዕቃ ይኑር። መቀበሏ ሳይሆን ማወቋ ነው የሚፈለገው። ደግሞ ቤትና ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ዕቃ ይጠቀሙ፤ ሁለት ቋንቋ አይጫንባት።

ሥርዓቱ ሲሰርጽ፣ ምናልባት ከሳምንታት በኋላ፣ ሆን ብላችሁ አዛንፉት። ማንኪያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳህኑ ግን ባዶ ይሁን። ምን ታደርጋለች? ሳህኑን ከመታች፣ እጃችሁን ከጎተተች፣ ፊቷን ካጠቆረች የሚገርም ነገር ሆኗል። የምትጠብቀው ነገር አለ ማለት ነው። የምትጠብቀው ያለው ሰው የሚናገረው አያጣም። ምግቡን ቶሎ አምጡ ታዲያ፤ ማናደድ አልነበረም ዓላማው።

6. ምልክት

በፈረንሳይ ፖዋትዬ አጠገብ በላርኔ ገዳም ማሪ ኧርታን የምትባል ልጅ ነበረች። ከተወለደች ጀምሮ አታይም አትሰማም። እ.ኤ.አ. በ1895 ወደዚያ ስትመጣ ወደ 10 ዓመት ይጠጋት ነበር፤ ትጮኻለች፣ ትታገላለች። መምህርቷ ሲስተር ሴንት ማርጌሪት አንድ ነገር አስተዋለች። ልጅቷ ከቤት ይዛው የመጣችው ትንሽ ሰንጢ አላት፣ ትወደዋለች። ሲስተሯ ሰንጢውን ወሰደችባት። ልጅቷ ተቆጣች። ሲስተሯም የልጅቷን አንዱን እጅ በሌላኛው ላይ እንደሚቆርጥ አድርጋ የሰንጢ ምልክት አሳየቻት፣ ሰንጢውንም መለሰችላት። እንደገና ወሰደች። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ ምልክቱን አደረገችው። ለእኔ ከውኃ ፓምፑ ይልቅ ይህ ታሪክ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መምህርቷ ቃሉን የመረጠችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልጅቷ ፍቅር ነው።

ስለዚህ ደብተራችሁን ክፈቱ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምን ወደደች ብላችሁ ጻፋችሁ? የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ምልክቶች ከዚያ ይምጡ። በተለይ "ድገሚ"፣ "በቃ" እና "አልፈልግም" ይኑሩ። "አልፈልግም"ን ለማስተማር የሚፈሩ አሉ፤ ልጅቷ እምቢ ባይ ትሆናለች ብለው። ያለ ምልክቱም እምቢ ማለቷን አታቆምም፤ በመንከስ ነው የምትለው።

ምልክት ስታደርጉ እጆቿ በእጆቻችሁ ላይ ይሁኑ፤ በዚያ በኩል "ታዳምጣለች"። በሷ በኩል የሚመጣው ምልክት የተዛባ ይሆናል። ሕፃን "ውኃ" ማለት አቅቶት "ቡዋ" ሲል ማን ያርመዋል? ተቀበሉት። እሷ ያወጣችውንም ምልክት ተቀበሉ። ደብተሩ ላይ ሦስት አምድ አስምሩ፦ ምን አደረገች፣ ምን ማለቷ ነው፣ እኛ ምን እንመልሳለን። ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰቧና ለሚያግዟችሁ ሁሉ ላኩ። አንዱ የገባውን ሌላው ካልገባው ልጅቷ ምልክቱን ትተወዋለች።

ከዚያ አውሩ። በየምክንያቱ። አን ሱሊቫን ከፓምፑ ጥቂት ቀናት በኋላ በሰዓት የተወሰነ ትምህርት መስጠት አቆመች። የሄለንን የ15 ወር የአክስት ልጅ ስትመለከት፣ ሕፃን የሚማረው አንድ ቃል ብቻ ነጥሎ ስለሚሰጡት ሳይሆን ብዙ ስለሚያወሩት መሆኑ ገባት። ሕፃን በጆሮው እንደሚነገረው እሷም በእጇ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ታወራላት ጀመር። ሁሉን አትረዳም፤ አትርዳ።

7. ፊደል

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ከደረሳችሁ በኋላ ቀላል ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1837 ቦስተን ውስጥ መምህሩ ሳሙኤል ሃው ማየትና መስማት ለተሳናት ለላውራ ብሪጅማን ማንኪያ፣ ቢላና ቁልፍ ላይ ጎላ ጎላ ያሉ ፊደላት ለጥፎ ጀመረ። መጀመሪያ ወረቀቱን ከዕቃው ጋር ታገጣጥም የነበረው እንደ ጨዋታ ነበር፤ ትርጉሙ የገባት በኋላ ነው። የእናንተም እንደዚያ ይሆናል። በመደርደሪያው ዕቃዎች ላይ ከወዲሁ የብሬል ጽሑፍ ለጥፉ፤ ሌሎች ልጆች ማንበብ ሳይችሉ ጽሑፍ እያዩ እንደሚያድጉት ጣቷ ይልመደው። በኋላ ዕቃው በካርድ ላይ በሚለጠፍ ቁራጭ ይተካል። ቀጥሎ ቁራጩም ይቀርና ብሬሉ ብቻ ይቀራል። የጣት ፊደልንም እንዲሁ፤ ከስሟ ጀምሩ።

ስትጮኽ፣ ስትነክስ

መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ። ጆሮ፣ ጥርስ፣ ሆድ ድርቀት። ከዚያ "ምን እያለች ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ሳይሰናበት ሄደ? ዕቃው ሳይታይ ነገሩ መጣ? ዓይኗን በጣቷ ከጫነች ወይም ብርሃን ላይ ካፈጠጠች ሥራ ስጧት፤ ባዶ እጅ የሚያደርገው አያጣም። እጆቿን ግን በምንም ምክንያት አትሰሩ። የሚያይ ልጅን ለመቅጣት ዓይኑን የሚሸፍን የለም።

ስለ እናንተም

ለሥራው ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ይህን ሞክሩ። ዓይናችሁን እሰሩ፣ ጆሯችሁን ድፈኑ፣ ባልደረባችሁ ሳይናገር ምሳ ያብላችሁ። መጀመሪያ እጃችሁን እየያዘ፣ ከዚያ ከሥር እየገባ። ልዩነቱን ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ያ ምሳ ያስረዳችኋል። የልጅቷን ሕይወት አወቅን ማለት ግን አይደለም፤ እናንተ ጨርቁን ትፈታላችሁ።

በሳምንት አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ ቅረጹ። ለብቻችሁ ተመልከቱት፣ ፍጥነቱን ቀንሳችሁ። ስንት ጊዜ ጠየቀቻችሁ፣ እናንተስ ስንቱን አለፋችሁት? የመጀመሪያው ቪዲዮ ያሳፍራል። የሁሉም ያሳፍራል። ሲደክማችሁ ደግሞ ለሰው አቀብሉና ውጡ። ቁጣ በእጅ በኩል ያልፋል፤ ፊት ላይ ፈገግታ ብታስቀምጡም እሷ የምታነበው ጡንቻችሁን ነው።

ሌላ መምህር ሲተካችሁ ርክክቡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፍጅ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዲሱ መምህር እጁን ከእጃችሁ ጎን አድርጎ ብቻ ይቀመጥ። ደብተሩን ስጡት። ለመሰናበቻው ቀን መደርደሪያው ላይ የናንተን መለያ የመሰለ አንድ ዕቃ አስቀምጡ፤ ተገናኙ፣ ተሰናበቱ፣ ዕቃውን አብራችሁ ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉ። አምባራችሁን ግን ለአዲሱ መምህር አታውርሱ። እሱ የራሱን ይፈልግ። ልጅቷ አምባሩን አግኝታ እናንተን ስትፈልግ፣ ሥሩ ያለው የሌላ ሰው እጅ ሊሆንባት አይገባም።